አንድ ዓይና መኪና የማታሳልፈዋ አስካለ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሚኒባሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ ተራ አስከባሪው በመስኮቴ ብቅ አለና፣ «ሰማህ ጌትነት? ያቺ የአምፖሏ ሴትዮ አረፈች» አለኝ።

«የቷ የአምፖል ሴትዮ?»

«አስካለ ናታ፤ የጫጫዋ። ታማ ከርማ ነበር አሉ። ቀብሯ ዛሬ ከሰዓት ነው።» ይህን ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ።

መርዶው ክፉ ነው፤ አጠራሩ ግን ከመርዶው እኩል አንገበገበኝ። ከዚህ መናኸሪያ እስከ አንኮበር ክረምት ከበጋ ሰው ስታመላልስ የኖረች፣ አንድም ተሳፋሪ ሳታቆስል መሪ የለቀቀች ሹፌር «የአምፖሏ ሴትዮ» ተብላ ቀረች። ሰው ስንት ነገር ሠርቶ የሚታወሰው ሌላው በተገለገለበት ብቻ ነው ማለት ነው።

አስካለ አጭርና ቀጭን ሴት ነበረች። መሪ ስትይዝ ከውጭ የሚታየው ሻሿና ግንባሯ ብቻ ስለነበር «ሹፌር የሌላት መኪና መጣች» እያልን እንቀልድ ነበር። እሷ ቀልድ አትወድም። ጠዋት ለሰላምታ እጅህን ስትዘረጋላት መጀመሪያ የምታየው ፊትህን ሳይሆን የመኪናህን ፊት ነው። ሁለቱም መብራት በርቶ ካየች ትጨብጥሃለች። አንዱ ከጠፋ ግን «ሂድና ዓይንህን አስይዝ» ብላ ትታህ ትሄዳለች።

ይህ አመሏ ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የምትነዳው ሚኒባስ የባሏ የጋሽ መኮንን ነበር። ጋሽ መኮንን በአንድ ክረምት፣ በቀን፣ ግን ከአንኮበር በላይ ባለው አፋፍ እንደ ልማዱ ጉም ተኝቶበት ሳለ፣ ከፊቱ አንድ መብራት ሲመጣ አየ። አንድ መብራት ሞተር ሳይክል ነው። ለሞተር የሚበቃውን ያህል ጠጋ አለለት። የመጣው ግን ሞተር አልነበረም፤ በመንገዱ መሐል በኩል ያለው መብራቱ የጠፋበት የጭነት መኪና ነበር። ተሳፋሪው ተርፎ የጋሽ መኮንን እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። መኪናው ተጠግኖ ከጋራዥ ሲወጣ አስካለ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ጠበቀችው። «ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ አይበላም» አለችና መሪውን ያዘች። ጋሽ መኮንን ግን ከዚያ ወዲያ መኪና የሚባል ነገር ላይ አልወጣም፤ ስለ መኪና ወሬ ከተነሳም ክራንቹን ይዞ ከክፍሉ ይወጣ ነበር።

ያልነዳ ሰው ይህን ሁሉ ንዴት ለአንድ አምፖል ምን አመጣው ይል ይሆናል። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ ትወጣለህ፣ ትጠመዝዛለህ፣ አለቀ። የመኪናው እንዲህ አይደለም። ኮፈኑን ትከፍታለህ፤ የመብራቱ ጀርባ የታለ? ባትሪው ተለጥፎበታል። በባትሪውና በቆርቆሮው መካከል ያለችው ክፍተት የድመት እግር እንጂ የሰው እጅ የምታስገባ አይደለችም። ዓይን አይሠራም፤ ሥራው በዳበሳ ነው። ሶኬቱን ልትነቅል ስትል ዝገት ይዞት እምቢ ይላል። የጎማ ክዳኑን ስትገሸልጥ ጥፍርህ ይገሸለጣል። ከዚያ ሞላዋ አለች፤ አምፖሉን ጠፍራ የምትይዝ ቀጭን ሽቦ። ስትፈታት ደህና ናት፣ ስትመልሳት ተስፈንጥራ ሞተሩ ውስጥ ትገባና እዚያ ትቀራለች። አዲሱን አምፖል መስታወቱን በጣትህ ከነካኸው ወዙ ያቃጥለዋል። ዘቅዝቀህ ከከተትከው መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፍ ጫፍ ያበራል። ይህን ሁሉ አልፈህ፣ ክንድህ ተልጦ፣ ኮፈኑን ዘግተህ ስታበራው ደግሞ የተቃጠለው የግራው ሆኖ የቀየርከው ደህናውን የቀኙን ሆኖ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ከአምፖል ጋር ስትታገል ያየኋትም እንዲህ ነው። ጠዋት ነበር፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጣት የሚቆርጥበት ወቅት። የእሷ ተራ ደርሶ መኪናዋ ሞልቷል። ሞተር አስነሥታ ከፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ ብታይ የሚያርፈው ብርሃን አንድ ብቻ ነው። ወረደችና ኮፈኑን ከፈተች።

ተራ አስከባሪው መጣ። «እትዬ አስካለ፣ ፀሐይ ወጥቶ የምን መብራት ነው? ንጂው!»

«አፋፉ ላይ ፀሐይ አለ ብለህ ትፈርማለህ?»

«ተሳፋሪው በረደው እኮ!»

«መቃብር ከዚህ ይበርዳል» አለችና እጇን ከባትሪው ጀርባ ሰደደች።

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ከውስጥ «ሴት መሪ ስትይዝ እንዲህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሞላዋ ወደቀች። አስካለ መኪናው ሥር በደረቷ ገብታ ፈልጋ አወጣቻት። እንደገና ወደቀች። በዚህ መሐል ተሳፋሪው አንድ በአንድ እየወረደ ቀጥሎ ያለው መኪና ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ ያለው መኪና ደግሞ የእኔ ነበር። ሞልቼ ስወጣ በመስኮቴ በኩል ቀና ብላ አየችኝ። አፍንጫዋ ላይ ግራሶ አለ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ግን የሐዘን እንባ አልነበረም።

«ጌትነት» አለችኝ፣ «ይሄን መኪና የሠራው ሰው ራሱ እጅ የለውም? እስቲ ንገረኝ፣ እጅ ያለው ሰው እንዲህ አድርጎ ይሠራል?»

ማርሽ አስገባሁና ሄድኩ። ስመለስ እሷን ሁለቱንም መብራት አብርታ ባዶ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ከተራው መጨረሻ ላይ አገኘኋት።

መለዋወጫ የሚሸጡትም አሳሯን አብልተዋታል። «ኦሪጅናል ነው» ብለው የሚሸጡላት አምፖል ሳምንት ሳይሞላው ይቃጠላል። ይዛው ስትመለስ አብሬያት የሄድኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

«አምፖል እንደ እንቁላል ነው እናቴ» አላት ባለሱቁ፣ «አንዴ ከሱቅ ከወጣ አይመለስም።»

«እንቁላልም ገምቶ ከተገኘ ይመለሳል!» አለችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ባለሱቁ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ አብርቶ ሳያሳያት አትገዛም። በርቶ ያየችው አምፖል ግን በማግስቱ ጫጫ ሳትደርስ ይጠፋል። ኤሌክትሪሺያኑ ዘንድ ስትወስደው «ሶኬቱ ቀልጧል» ይላታል። ሶኬቱን ስትቀይር «የመብራቱ ቤት ውሃ አስገብቷል፣ ሙሉውን ቀይሪው» ይላታል። ሙሉውን ስትቀይር አዲሱ ቤት የሚወስደው አምፖል ከድሮው ይለያል፤ ያን ዓይነት አምፖል ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ሰው ልካ አስመጣች። የመጣው የሌላ መኪና ሆነ። የዚያን ቀን መናኸሪያው መሐል ቆማ ካርቶኑን በእግሯ ስትመታው ኳስ ይመስል ሩቅ ሄዶ ወደቀ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

እንዲህ እየታገለች ነው እጇ የለመደው። የእኛ መዳፍ የማይገባበት ክፍተት ውስጥ የእሷ ይገባል። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ባትሪ ማስፈታት ሰልችቶት «እትዬ፣ እስቲ እጅሽን አንዴ» አላት። ከዚያ ሁላችንም ለመድነው። ሻይ እየጠጣች፣ ምሳ እየበላች፣ «እትዬ አስካለ፣ እጅሽን አንዴ!» ይባላል። እየተሳደበች ትነሣለች፤ «የተረገማችሁ! እኔ ስሞት መኪናችሁን ልትሸጡ ነው?» ትላለች፣ ግን ትነሣለች። ትርፍ አምፖሎቿን መስታወታቸው እንዳይነካ በልጅ የሱፍ ካልሲ ጠቅልላ ነው የምትይዛቸው። ልጅ አልነበራትም። ካልሲውን ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት ሰው መኖሩን አላውቅም፤ እኔ ግን አልጠየቅኳትም።

አንድ ቀን «አምፖል ሲቃጠል ለባለቤቱ አይናገርም» አለችኝ። «አንተ ከውስጥ ሆነህ ሁሉ ነገር ደህና ይመስልሃል። የሚያየው ከፊት ለፊት የሚመጣው ነው። መብራቱ ለአንተ ማያ ብቻ መሰለህ? ለመጪው መታያ ነው።»

አሁን ስለ አፋፉ ልናገር። ነሐሴ ነበር፣ ገና ከሰዓት። ከደብረ ብርሃን ሞልቼ ወደ አንኮበሯ ጎረቤላ እየወረድኩ ነው። ሜዳውን ሳቋርጥ ይጥል የነበረው ዝናብ አባርቶ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አፋፉ ላይ ተከመረ። ከፊቴ ካለው አስፋልት ዘንግ የምታህል ብቻ ነው የምትታየኝ። ቀስ ብዬ እየሄድኩ ሳለሁ ከታች ሁለት መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ቆምኩ። መብራቱም ቆመ። መኪናዋን ጥግ አስይዛ፣ ነጠላዋን አገልድማ አስካለ ከጉሙ ውስጥ መጣች።

«ግራህ ጠፍቷል» አለችኝ።

«ስነሣ ይበራ ነበር እኮ!»

«አሁን አይበራም። ውረድ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። በዝግታ እወርዳለሁ። ጎረቤላ ስደርስ…»

እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፌን ነቀለችና ኪሷ ከተተችው። ተሳፋሪው ጮኸ። ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱ ሼህ ኑሩ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበርና «ተዋት ልጄ፣ አላህ የላካት ትሆናለች» አሉኝ። ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩላት።

መኪናዬ የቆመው ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ፣ ጥጉ ጭቃ ስለሆነ ግማሽ ጎማው አስፋልቱ ላይ ነው። የባትሪው ብሎን ዝጎ አልፈታ አለ። «ተወው፣ እኔ እገባለሁ» አለችና እጇን ሰደደች። አሮጌውን አወጣች፣ አዲሱን በካልሲው ይዛ ከተተች። ሞላዋን ስትመልስ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ።

«ምነው?»

«አይወጣም።»

«ምኑ?»

«እጄ ነዋ! እጄ አይወጣም!»

ብርዱ አሳብጦት ይሁን፣ የእጅጌዋ ጫፍ ብረቱ ላይ ተጠምዝዞ ይሁን፣ አውራ ጣቷ ከባትሪው ማሰሪያና ከቆርቆሮው መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። ስትስበው ቆዳዋ ይላጣል። ከኋላ በኩል መድረስ ስላልተቻለ ፓራውልቱን፣ የፊት መከላከያውን፣ ፈትቼ የመብራቱን ቤት በፊት ለፊት ላወጣው ተንበረከክሁ። ብሎኑ ጭቃ ውስጥ ተነክሯል፣ ካቻቢቴው ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ነው ከታች የሞተር ድምፅ የሰማነው። የጭነት መኪና ነው፣ በከባድ ማርሽ እየወጣ ነው።

«ከመንገዱ ውጡ!» አለች አስካለ። «ሁላችሁም ውጡ! ጌትነት፣ አንተም!»

«ዝም በይ፣ አንድ ብሎን ነው የቀረው።»

«ውጣ ስልህ!» በነጻ እጇ ትከሻዬን መታችኝ። አልወጣሁም፤ ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ መልሼ ተጫንኩት።

ሼህ ኑሩ ነጭ ጋቢያቸውን ገፈው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ታች፣ ወደ ድምፁ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አላስብም ነበር። «ቁም! ያ አላህ! ቁም!» የሚል ድምፃቸው ከጉሙ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ የፍሬን ጩኸት መጣ። ከዚያ አንድ መብራት። መታጠፊያውን ቆርጦ በእኛ በኩል ነበር የመጣው። ተንሸራትቶ፣ ተንሸራትቶ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቀርቶት ቆመ።

አስካለ እጇ ከተያዘበት ቀና ብላ የጭነት መኪናውን ፊት አየች። የሚበራው አንዱ ብቻ ነው።

«አንተም?» አለች። «አንተም አንድ ዓይና?»

የመብራቱ ቤት ሲወጣልኝ እጇ ተለቀቀ። የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጀርባ ቆዳው ተገፏል፣ መዳፏ ጠቁሯል። ሼህ ኑሩ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጠቀለሉላት። የጭነት መኪናው ሹፌር፣ ሽንኩርት ጭኖ ከቆላ የሚወጣ ጎልማሳ፣ ወርዶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ደረሰ።

«ይቅርታ እናቴ! አዲስ አምፖል አለኝ፣ ባለፈው ነው የገዛሁት። መግጠሙ ነው የቀረኝ። ይኸው ጋቢና ውስጥ አለ፣ አልደረሰኝም እንጂ…»

አስካለ አልሰደበችውም። «አምጣው» አለችው። ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብላ በግራ እጇ ይዛ ወደ መኪናው ፊት ሄደች። የዚያ ዓይነት የጭነት መኪና መብራት ደግሞ ክብ ነው፤ ከፊት ለፊት ያለችውን ቀለበት ከፈታህ ሙሉው በእጅህ ይመጣል። ባትሪ የለ፣ ዳበሳ የለ። አስካለ ይህን አታውቅም ነበር፤ ከባድ መኪና ነክታ አታውቅም። ሹፌሩ ብሎኖቹን እያሳያት ፈታች፣ መብራቱ ወጣ፣ አሮጌው አምፖል ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ሹፌሩ ወጥቶ አበራው። ሼህ ኑሩ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳይጨርሱ ነገሩ አለቀ።

አስካለ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንደበራ ቆማ ቀረች።

«በቃ?» አለች። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው እናቴ» አለ ሹፌሩ።

«ለዚህች ነው?» ወደ እኔ ዞረች። «ጌትነት፣ የመኮንን እግር እኮ ለዚህች ነው የሄደው። ለዚህች ብሎን! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የጭነት መኪናም እንደ እኛው ከባድ ነው፣ ሰውዬው ታክቶት ነው፣ ቢቸግረው ነው እያልኩ…» መጨረስ አልቻለችም። ካቻቢቴውን ገደሉ ውስጥ ወረወረችው፤ የእኔ ነበር፣ ግን ምንም አላልኳትም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ጮክ ብላ አለቀሰች። ተሳፋሪው፣ ሹፌሩ፣ ሁላችን ዙሪያዋን ቆምን። ሼህ ኑሩ ብቻ አጠገቧ ተቀምጠው «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይሏት ነበር።

ጣቶቿ ከዚያ ወዲያ በደንብ አልታጠፉም። ሐኪሙ ነርቭ ነው አላት። መሪ ለመያዝ አልከለከሏትም፣ ሞላ ለመያዝ ግን አበቃ። የሚያናድደኝ ይህ አይደለም። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላም መናኸሪያ ውስጥ «እትዬ፣ እጅሽን አንዴ» የሚሏት መኖራቸው ነው። እጇን ታሳያቸዋለች። ዘወር ብለው «ድሮ ትረዳ ነበር፣ አሁን ኮራች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዱን በዚህ ነገር አንገቱን ይዤው ሰው ገላግሎናል። እሷ ግን «ተዋቸው፣ ባትሪ መፍታት ይማሩ» አለችኝ። ቆይታ መኪናውን ሸጠች፤ ጫጫ ቤቷ ገባች፤ ስኳር በሽታ ያዛትና ጠናባት፤ ከዚያ ዛሬ።

ቀብሯ ላይ ስደርስ ሹፌሩ ሁሉ መጥቷል። እነዚያ ያሟትም መጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እዝን ቀምሰን ስንነሣ ዝናቡ ወርዶ ሰማዩ ጠቁሯል። መኪኖቻችንን ከአጥሩ ውጭ አስነሥተን መብራት አበራን።

ጋሽ መኮንን በክራንቹ ተደግፎ ከድንኳኑ ወጣ። መኪኖቹን ከዳር እስከ ዳር አየና በክራንቹ ጫፍ ወደ አንዷ ጠቆመ።

«ያቺ የማናት?»

«የእኔ ናት ጋሼ» አለ አንዱ ሹፌር።

«ቀኟ አይበራም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ስገባ አስቀይረዋለሁ።»

«እዚሁ ቀይረው።»

ሹፌሩ ወደ እኛ አየ። «ጋሼ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ። ዝናብም ነው…»

«ሐዘንተኛው እኔ ነኝ» አለ ጋሽ መኮንን። «እዚሁ ቀይረው።»

ኮፈኑ ተከፈተ። የማንም እጅ አልገባም። አንዱ ሞከረ፣ ሌላው ሞከረ፣ ተሳደብን፣ ክንዳችን ተላጠ። በመጨረሻ ዝናቡ ጀርባችን ላይ እየወረደ ባትሪውን ፈታን፣ ፓራውልቱን ፈታን፣ ሞላዋ ጭቃ ውስጥ ወድቃ ስንት ሰው በጉልበቱ ሲፈልጋት ቆየ። ሴቶቹ ለጋሽ መኮንን ወንበር አወጡለት፤ ድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያል። አንድም ሰው ግን እንዳለች እንሂድ አላለም።

መብራቱ ሲበራ ጋሽ መኮንን ቀና ብሎ ግራውንም ቀኙንም አየ። «በሉ አሁን በሰላም ግቡ» አለን። ወደየመኪናችን ስንወጣ ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣለትን ልቅሶ ጀመረው። ሞተራችንን አጥፍተን ወረድን፤ እስኪወጣለት ድረስ ዝናቡ ላይ ቆመን ጠበቅነው።